«ካምቢዮ አትንካ» የሚሉት ተረት ይብቃን!

መኪና እየነዳ የሚተዳደር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ከተቀየረ ካምቢዮው ይበላሻል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው፦ ውሸት ነው!

የሞተር ዘይት ቀን ቆጥሮ የሚቀይር ሰው የካምቢዮውን ዘይት ለዓመታት ዞር ብሎ አያየውም። ለምን ሲባል «ካልነካኸው አይነካህም»። ካምቢዮ ንብ ነው እንዴ?

ይሄ ዘይት እኮ ማለስለሻ ብቻ አይደለም። የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው፣ በግፊቱ ማርሽ የሚያስቀይረው፣ ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነው። ሙቀት ደግሞ ያስረጀዋል። የአዲስ አበባን ዳገትና መጨናነቅ ጨምሩበት።

«ፋብሪካው የዕድሜ ልክ ዘይት ነው ብሏል» የምትሉ አላችሁ። የማን ዕድሜ? ለነ ቢኤምደብሊው ካምቢዮ የሚሠራው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ራሱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት ቀይሩ ይላል። እኛ ደግሞ የምንገዛው ያገለገለ መኪና ነው፤ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ እንኳን አናውቅም።

«ጎረቤቴ አስቀይሮ በሳምንቱ ተበላሸበት» ትሉኛላችሁ። መቼ ነው ያስቀየረው? ማርሹ መንሸራተት ከጀመረ በኋላ! ይሄ እያጣጣረ ሐኪም ቤት የደረሰን በሽተኛ «ሐኪሙ ገደለው» እንደማለት ነው። አንድ ነገር ቀድሞ ስለመጣ ብቻ ለኋለኛው ምክንያት አይሆንም፤ ይህን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተነጋግረናል!

መለኪያ ዘንግ ያለው ቶዮታ ካላችሁ ዛሬውኑ እዩት። ነድታችሁ አሙቁት፣ ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። እግራችሁ ፍሬን ላይ ሆኖ ማርሹን በሁሉም ላይ አሳልፋችሁ ወደ ፒ መልሱ። ሞተሩ ሳይጠፋ መለኪያውን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሳችሁ ከታችሁ አንብቡ። ዘይቱ «ሆት» በሚለው ምልክት ውስጥ መሆን አለበት። (ሆንዳ ሞተሩ ጠፍቶ ነው የሚለካው፤ መመሪያውን እዩ።) ጠቁሮ የማረር ሽታ ካለው ጊዜው አልፏል። ከጎደለ የሚያፈስበት ቦታ ይፈለግ። ከልክ በላይ መሙላትም አረፋ ያመጣል።

«ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚላችሁ መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። የሲቪቲ ዘይት ሌላ፣ የተለመደው አውቶማቲክ ዘይት ሌላ ነው።

ካምቢዮ ማስቀየር ዛሬ ስንት እንደሚያስወጣ ጠይቁ፣ ከዘይቱ ዋጋ ጋርም አስተያዩት። በዱቤ በገዛው መኪና ቤተሰብ የሚያስተዳድር ልጅ በተረት የተነሳ እንጀራው መቆም የለበትም።

ሼር አድርጉት፤ ሾፌር የሌለበት ቤት የለም።