ሁለተኛው አልበማችን አልሰመረም፤ ጓደኛዬም አኮረፈኝ

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ጋምቤላ ከተማ ነው። አራት ሆነን የሮክ ባንድ አለን፤ እኔ ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው። የምንለማመደው ማታ ማታ ባጃጅ በሚያድርበት የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት እዚያው ሆነን በስልክ ስድስት ዘፈን ቀዳን፤ ሁለቱ በአኙዋክኛ፣ አንዱ በኑዌርኛ፣ የቀሩት በአማርኛ። ከስልክ ወደ ስልክ እየተገለበጠ ከተማውን አዳረሰው። ባሮ ድልድይ ላይ ልጆች ሲዘፍኑት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የድምፃዊያችን ታላቅ እህት ከምግብ ቤቷ ያጠራቀመችውን ብር አበደረችንና አዲስ አበባ ሄደን ስቱዲዮ ገባን። አቀናባሪው “ገበያው የሚፈልገው ይሄ ነው” ብሎ ስምንቱንም ዘፈን በአማርኛ አስደረገ። ድራሙን በኮምፒውተር፣ ቤዙን በኪቦርድ ሠራው። ሰው በጣም የወደደውን አንዱን የአኙዋክኛ ዘፈንም ግጥሙን አስቀይሮ አስገባው። አልበሙ ሲወጣ ማንም አልሰደበውም፤ ግን ማንም አልሰማውም። እኛ ስንመጣ ሰዉ ወሬ ይቀይራል።

ድምፃዊው አብሮ አደጌ ነው። “አልበሙ ግሩም ነው፣ ያልገባው ሰዉ ነው” ይላል። “አንተስ ወደድከው?” ሲለኝ ዝም አልኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፎኛል። እህትየውም ብሯን እየጠበቀች ነው። እውነቱን ልንገረው ወይስ ባንዱን ትቼ ልውጣ? እባካችሁ ምከሩኝ።
ባለ ቤዙ፣ ከጋምቤላ

መልስ፦ ውድ ባለ ቤዝ፣ ለመውጣት አትቸኩል። የደረሰባችሁ ነገር አዲስ አይደለም፤ ከእናንተ በፊት ስንቱን ባንድ ጥሎታል!

እናንተ የምትጫወቱት ፈረንጆቹ ጋራዥ ሮክ ለሚሉት በጣም የቀረበ ነው። እኛ ጋራዥ ስንል መኪና የሚጠገንበትን ነው። እነሱ ግን በየቤታቸው መኪና የሚያድርበትን ክፍል ነው የሚሉት። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ልጆች ጊታርና ድራም ይዘው እዚያ እየገቡ ጎረቤት እስኪያማርር ይጮሁ ነበር፤ ስሙ ከዚያ መጣ። ባጃጅ የሚያድርበት መጋዘናችሁ በምን ይለያል? (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጽፍልህ።)

ከዲትሮይት ከተማ የወጣ ኤም ሲ ፋይቭ የሚባል ባንድ ነበር። የመጀመሪያ አልበሙን በ1968 በዚያው በከተማው አዳራሽ፣ የራሱ ሰው ፊት ቆሞ ነው የቀዳው፤ በ1969 ወጣ። ጩኸቱ፣ ላቡ፣ ስህተቱ ሁሉ አለበት። በ1970 የወጣውን ሁለተኛውን ሲሠራ አንድ የሙዚቃ ሐያሲ ፕሮዲዩሰር ሆነለት። ዘፈኖቹ አጠሩ፣ ተስተካከሉ፣ ተወለወሉ፤ ድምፁ ግን ሳሳ፤ ቤዙማ ጭርሱን ጠፋ ማለት ይቻላል። ገበያውም ፊቱን አዞረበት። የጠፋው ቤዝ ነገር ያንተን ታሪክ አላስታወሰህም?

“እንግዲያውማ ባንቀይረው ኖሮ ይሻለን ነበር” እንዳትል። ስትሮክስ የሚባለው የኒውዮርክ ባንድ በ2001 በመጀመሪያ አልበሙ ዓለም ጉድ አለለት። ለሁለተኛው ከታዋቂ ፕሮዲዩሰር ጋር ጀምሮ አልሆን ሲለው ወደ ድሮው ሰው ተመለሰና በ2003 አወጣው። የዚህን ጊዜ ደግሞ “ያው የመጀመሪያው ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው?” የሚል ሐሜት መጣ። ስትቀይር ትታማለህ፣ ሳትቀይርም ትታማለህ። ለመጀመሪያው አልበም ከልጅነትህ ጀምሮ ያጠራቀምከው አለህ፤ ለሁለተኛው ግን አንድ ዓመትና የብድር ብር ብቻ ነው የሚሰጥህ።

አማርኛውም ጥፋት የለበትም። ጃኖ ባንድ በ2012 “ኤርታሌ”ን ሲያወጣ ፕሮዲዩሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ ይሁንና ባንዱ በአማርኛ እየዘፈነ ነው የሮከው። ሁለተኛውን “ለራስህ ነው”ን በ2018 እስኪያወጣ ድረስም ስድስት ዓመት ገደማ አልፏል። የእናንተ አማርኛ ግን የመጣው ከዘፈኑ ሳይሆን ከአቀናባሪው ነው። ያ ዘፈን በአኙዋክኛ የተወደደው ቋንቋው ከዜማው ጋር አብሮ ስለተወለደ ይሆናል። ግጥሙን ስትነጥቁት ምን ቀረው?

አሁን ወደ አንተ እንምጣ። ኪቦርድ ቤዝህን ሲተካው አንተ የት ነበርክ? ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብነው፤ “ተቃወምኩ” የሚል ቃል የለበትም። ስቱዲዮ ውስጥ ዝም፣ ጓደኛህ ሲጠይቅህም ዝም። ልጁን ያስከፋው አልበሙን አለመውደድህ ብቻ አይመስለንም። አንድ ላይ የሠራችሁትን ሥራ ለብቻው አሸክመኸው ሸሽተኸዋል።

ስለዚህ ፀሐይ በረድ ሲል ብቻህን ሂድ። ሁለቱን ልጆች አታስከትል፤ ፍርድ ቤት ይመስልበታል። በስልክ መልእክትም አይሆንም። ወሬህን “አልበማችን አይረባም” ብለህ ሳይሆን ከቤዝህ ጀምር፦ “ያን ቀን ቤዜን ሲያወጡት መናገር ነበረብኝ” በለው። ከዚያ ያንኑ ዘፈን መጀመሪያ የመጋዘኑን፣ ቀጥሎ የስቱዲዮውን አሰማው። ፍርድ አትስጥ። እሱ ራሱ ጆሮ አለው፤ ድምፃዊ አይደል? ቢቆጣ ተወው፣ ይቆጣ። ኩርፊያውን የሚያበርደው ያንተ ክርክር አይደለም።

የእህትየው ገንዘብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ጋር አታደባልቁት። እሷ ያበደረችው ለባንዱ እንጂ ለወንድሟ ብቻ አይደለም። አራታችሁም አብራችሁ ሂዱና ከሰርግም ሆነ ከሆቴል ሥራ በየወሩ ስንት እንደምትከፍሉ ቁርጡን ንገሯት። እሷ እህል እየገዛች የምትሠራ ሰው ናት፤ “አልበሙ ሲሸጥ” የሚል ቀጠሮ አይሆናትም። ሳትጨርሱላት ሌላ ስቱዲዮ ባትገቡ ይሻላል። ስልክና መጋዘን አላችሁ፣ እሱን ቀጥሉበት።

ኤም ሲ ፋይቭ በ1971 ሦስተኛ አልበም አወጣ። ብዙ ወዳጆቹ እሱን ከሁሉም ያስበልጡታል፤ ግን አልተሸጠም፣ ባንዱም በዓመቱ ፈረሰ። ስለዚህ ሦስተኛው ይካሳችኋል ብለን ቃል አንገባልህም። ጓደኛህ ያን ምሽት ምን እንዳለህ ግን ጻፍልን።