ልጅ ሲጫወት ወላጅ የት ይቁም?

በዚህ ግድግዳ ላይ ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጨዋታ ግን የተጻፈው እምብዛም ነው። «ይኼ ደግሞ የምን ቁም ነገር ነው?» የሚል አይጠፋም፤ ቢሆንም እስከ መጨረሻው ያንብብልን።

በበዓል ሰሞን ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐ ቤቴ ወደ ደብረ ብርሃን ከሚወጡት ቤተሰቦች ገበያቸውን ጨርሰው፣ ዘመድ ጠይቀው ሲያበቁ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሕፃናት መጫወቻ ጎራ የሚሉ አሉ። አቅም የፈቀደለት ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ጨምሮ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ስድስት ኪሎ ካለው፣ በ1940 ዓ.ም. ከተቋቋመው አንበሳ ግቢ፣ ወይም በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ከተከፈተው አንድነት ፓርክ። መልካም ነገር ነው። የደጋ ልጅ ከበግ ጥበቃ፣ ከውሃ መቅዳትና ከኩበት ለቀማ ተላቆ አንድ ቀን «ና! ሂድ! አምጣ!» ሳይባል መዋሉ ብቻውን ስንት ነው!

ቅር የሚለን ሌላ ነው። በፋሲካ ማግስት ከእንዲህ ያለው ስፍራ በአንዱ ቆመን አየን። በአጥሩ ውስጥ ሽክርክሪት፣ ሸርተቴ፣ በአየር የተነፋ መዝለያ አለ። ለእያንዳንዱ የሚከፈለው ለየብቻ ስለሆነ የወላጅ ዓይን ከልጁ ይልቅ ከኪሱ አይነቀልም። ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ልጃቸውን ተከትለው ሊገቡ ሲሉ ትኬት ቆራጩ «አባቴ፣ ትልቅ ሰው አይገባም» አላቸው። «እኛማ ተጫውተን ጨርሰናል፤ እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው» አሉና ከሽቦው ውጭ ቆሙ። ልጁ በዞረ ቁጥር የሚፈልገው የአባቱን ፊት ነበር። እሳቸው የቀረውን ገንዘብ ይቆጥራሉ። ደቂቃው አለቀና ወረደ።

ሥርዓቱ ለጥንቃቄ የወጣ ይሆናል። በተነፋው መዝለያ ላይ ትልቅ ሰው ከሕፃን ጋር ቢዘል ሕፃኑን ይጎዳልና እሱን አንቃወምም። ግን ከአጥሩ ውስጥ ለወላጅ አንድ አግዳሚ ወንበር ማስቀመጥ ምን ይከብዳል? ቤተሰብ ተብሎ ተጠርቶ ግማሹ ከሽቦ ውጭ ከቀረ ሽርሽሩ የማን ነው?

ደግሞስ እኒያ አባት ጨዋታ የማያውቁ እንዳይመስላችሁ። የእሳቸው ዕድሜ የመንዝ ሰው በገና ሩር እየመታ፣ ለቡሄ ጅራፍ ገምዶ እያጮኸ፣ ከዛፍ ላይ ጠፍር አስሮ ዥዋዥዌ እያለ ያደገ ነው። በገና ቀን እንኳንስ አባትና ልጅ፣ ጌታና ሎሌም በአንድ ሜዳ ይጋጠሙ ነበር፤ ትኬት ቆራጭ አልነበረበትም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የመንዝ ልጅ የጎደለው ፊደል እንጂ ጨዋታ አይደለም» ይላሉ። አንስማማም። ፍሬድሪክ ፍሮቤል በ1837 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር የሕፃናት ትምህርት ቤቱን ሲከፍት ትምህርቱን ያቆመው በጨዋታ ላይ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ ኢትዮጵያም በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የሕፃኑን የመጫወት መብት ደንግጓል። ሕጉ ይቅርና ገበጣ ሲጫወት ጠጠር እየቆጠረ ያደገ ልጅ መደመር ያስፈራዋል እንዴ?

ነገሩ ዛሬ የባሰ አንገብጋቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መንገዱም የማያስተማምንበት ቀን በርክቷል። ወደ ከተማ መውጣት ላልቻለ ቤተሰብ መናፈሻው የትምህርት ቤቱ ግቢ ካልሆነ የት ይሆናል? ከትምህርት ርቆ የከረመውንስ ልጅ በምን እንመልሰው? በአለንጋ?

መሐል ሜዳ ብንመደብ ሽክርክሪት አንጠብቅም። ከ3000 ሜትር በላይ በሆነ ደጋ የጠዋት ውርጭ ያረፈበት ብረት የሕፃን እጅ ይጠብሳል፤ እንጨትና ገመድ ይሻላል። የባሕር ዛፍ ምሰሶ፣ መሬት የሚገባው ጫፍ እንዳይበሰብስ የተቃጠለ ዘይት ተቀብቶ ይተከል። አሮጌ ጎማ ውሃ እንዳያቁር ከሥሩ ይበሳ። ከታች አሸዋ፣ አሸዋ ከሌለ ገለባ በወፍራሙ ይነስነስ። ገመዱን ተረኛው መምህር በየሳምንቱ ይፈትሽ፤ ይህን ችላ የሚል ከሆነ ከነጭራሹ ባይሰቅለው ይሻላል።

በወላጆች ቀን ደግሞ ለወላጅ ንግግር ከማስደመጥ ይልቅ የገና ዱላ እናስይዘውና ከልጁ ጋር ሜዳ ይግባ። ለጊዜው ከግቢያችን ጀርባ የተከመሩት አሮጌ ጎማዎች የማን እንደሆኑ የሚያውቅ ካለ ይንገረን። ሁለቱን ለሙከራ እንፈልጋቸዋለን።