ሙሌቱን ማን አየው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚሠራ ሰው ስለ ሴራሚኩ ቀለም ወር ሙሉ ይከራከራል። ስለ ጂፕሰሙ ቅርጽ ዘመድ አዝማድ ይመክራል። በር ለመምረጥ መርካቶን ሲያስስ ይውላል። ቤቱ የሚቀመጥበት የሙሌት አፈር ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ በገልባጭ መኪና መጥቶ ይደፋል፣ በአካፋ ይበተናል፣ አርማታ ይፈስበታል። አለቀ። ማንም አላየውም። ግድግዳው እስኪሰነጠቅ ድረስም ማንም አያስታውሰውም።

እኛ የምንለው፣ ቤት ሲሠራ ለመስረቅ የሚቀለው ፌሮው ወይም ሲሚንቶው ሳይሆን ጥቅጠቃው ነው። ፌሮ ይቆጠራል፣ ሲሚንቶ በኩንታል ይመዘገባል። ጥቅጠቃ ግን ከተቀበረ በኋላ ምስክር የለውም። በሥራ ዝርዝሩ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተነጠፈ ይጠቅጠቅ ተብሎ ዋጋ የተቆረጠለት ሥራ ሳይሠራ ቢከፈልበት ማን ይጠይቃል? ባለቤቱ አያውቅም፣ ፎርማኑ ይቸኩላል፣ መሐንዲሱ የሚመጣው ፌሮው ከታሰረ በኋላ ነው።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንየው። አንድ ሜትር ሙሌት በደንብ ሳይጠቀጠቅ ቀርቶ ቤቱ ካረፈበት በኋላ አምስት በመቶ ብቻ ቢሰምጥ፣ አምስት ሳንቲ ሜትር ወረደ ማለት ነው። ቤቱ በሙሉ እኩል ቢወርድስ ባልከፋ። የእኛ ከተማ ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት። ግማሹ ቤት ተቆርጦ በወጣ ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ በሙሌት ላይ ይቆማል። አንዱ ወገን ባለበት ሲጸና ሌላው ይሰምጣል፤ ስንጥቁም ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ይወጣል። በሩ አልዘጋ ይላል። ባለቤቱ አናጺ ይጠራል! አናጺው ምን አጠፋ?

በቦሌ፣ በአቃቂና በሌሎች የከተማዋ ምሥራቅና ደቡብ አካባቢዎች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዋልካ። ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይኮማተራል። ቀለል ያለ ቤት ክብደቱ ስለማይጫነው ይበልጥ ይጎዳል። ዋልካውን አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ትክክለኛ መላ ነው። ነገር ግን የወጣውን ዋልካ መልሶ መሙላት፣ ወይም ገረጋንቲውን ሳይጠቀጥቁ መድፋት መላ አይደለም። ልል ሙሌት የዝናቡን ውሃ እንደ ገንዳ ያቁርና ከሥሩ የቀረውን ዋልካ ሲያጠጣ ይከርማል። ስለዚህ የውሃ መውረጃው ነገርም አብሮ ይታሰብ።

«ክረምት ይለፍበት፣ ዝናቡ ያስተኛዋል» የሚሉን አሉ። ይህ ምክር ከአያቶቻችን ስለመጣ እናከብረዋለን፤ እውነት ግን አይደለም። ዝናብ የላዩን አፈር ጥቂት ያስተኛዋል እንጂ አንድ ሜትር የጭቃነት ጠባይ ያለው ሙሌት አይጠቀጥቅም። ውሃ የሚጠቅመው በልኩ ሲሆን ነው። አፈሩ በጣም ከደረቀ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይንሸራተቱም፤ በጣም ከራሰ ውሃው ራሱ ቦታ ይይዝና ማሽኑ ሲመታው እንደ ፍራሽ ይነጥራል። ራልፍ ፕሮክተር የተባለ የካሊፎርኒያ መሐንዲስ ይህን በ1933 እ.ኤ.አ. በፈተና አሳይቷል። ለእያንዳንዱ አፈር በደንብ የሚጠቀጠቅበት የውሃ መጠን አለው። ዛሬ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ የሚጠይቁት፣ ሙሌቱ ላቦራቶሪ ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ ደረቅ ጥግግት ቢያንስ 95 በመቶ እንዲደርስ ነው።

መፈተሹም ተአምር አይደለም። ከተጠቀጠቀው ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ የወጣው አፈር ይመዘናል፣ ይደርቃል። ጉድጓዱ መጠኑ በታወቀ ደረቅ አሸዋ ተሞልቶ ስፋቱ ይታወቃል። ከዚያ ማካፈል ነው። ደንብ የለንም እንዳይባልም፣ በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንጻ ኮድ ሰባተኛ ቅጽ ስለ መሠረት የተጻፈ ነበር። የጎደለን ወረቀት ሳይሆን ጠያቂ ነው።

«ድሀ ላቦራቶሪ ከየት ያመጣል?» ጥያቄው ተገቢ ነው። በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ፈታሽ ጠርተው ወጪውን ይካፈሉ። ይህም ካልተቻለ እጅና ዓይን አለ። አፈሩን ጨብጡት፤ እጅ ሳያርስ ከተያያዘና ሲወድቅ ወደ ጥቂት ጓሎች ከተሰባበረ እርጥበቱ ለልኩ ቅርብ ነው። ማሽኑ ትንሽ ከሆነ ወይም የእጅ መጠቅጠቂያ ከሆነ ንጣፉን ከ20 ሳንቲ ሜትርም አሳንሱት። ከጥቅጠቃው በኋላ ቀጭን ፌሮ በእጅ ስትገፉት ዘው ብሎ ከገባ ሥራው አልተሠራም። ይህ ላቦራቶሪን አይተካም፤ ዓይን ያወጣ ማጭበርበርን ግን ያጋልጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፉቲንጉ እስከ ጠንካራው የተፈጥሮ መሬት መውረድ የሚችል ከሆነ ይውረድ፤ ሙሌት የግድ ሲሆን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ዋጋውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ኮንትራክተሩ ገንዘቡን ተቀብሎ ወደ ሌላ ሳይት ሄዷል። የሚቀረው ሃያ ዓመት የቆጠበው መምህር፣ ዕቁቡን ያፈሰሰው ነጋዴ ነው። በአረብ አገር በሰው ቤት እየለፋች ለእናቷ ቤት የምታሠራው እህታችንም ናት። እሷ የሚላክላት ቀለም የተቀባው ቤት ፎቶ ነው። የሙሌቱን ፎቶ ማንም ልኮላት አያውቅም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንተም ሆንክ አንቺ ነገ ቤት ስታሠሩ ይህን ጠይቁ። እያንዳንዱ ንጣፍ ሜትር ቆሞበት ፎቶ ይነሳ። የፈተናው ውጤት ሳይቀርብ ለሙሌቱ ክፍያ አይውጣ፣ አርማታም አይፍሰስ። ኮንትራክተሩ «አታምኑኝም ወይ?» ብሎ ቢቆጣ፣ ፌሮውንም ቆጥረን ነው የተረከብነው በሉት። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ያገሬ ሰው፤ አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ቅጠሉ አይሠራም።