ስለ ጎንደር ሲኒማ ቤት

ባለፈው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ አንድ ጓደኛችን፣ «ጎንደር ፒያሳ ያለው ሲኒማ ቤት የጠላት መታሰቢያ ነውና ቢፈርስ ምን ይጎዳናል?» አለ። የዚያን ለት መልስ አጣሁ፤ ካደረ በኋላ የመጣልኝን ግን እዚህ ላይ ልጻፍ።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን ይዛ የአማራ ግዛቷ መናገሻ ካደረገቻት በኋላ፣ ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለ አርክቴክት የከተማዋን ፕላን አወጣ። ፖስታ ቤቱም፣ ሲኒማ ቤቱም የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። አዳራሹ ለእኛ ተብሎ አለመሠራቱ እውነት ነው፤ በ1931 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ለአገሬው ሰው በተለየ ስፍራ የተገኘውን ኢጣሊያዊ እንኳ ይቀጣ ነበር። ዳሩ ግን ጌትነቱ አልሰነበተም፤ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እዚሁ ደጃችን ወልቀፊት ላይ የነበረው ጦር እጁን ሰጠ፤ በኅዳር ደግሞ ጎንደር ነፃ ወጣች።

የጠላት ሥራ ሁሉ ይፍረስ ካልንማ አስቀድሞ መታረስ ያለበት ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ የሚወርደው መንገድ ነው። ገበያተኛው በዚያ ሲያልፍ የሙሶሊኒን ስም ሲያነሣ ሰምቼ አላውቅም።

አዲስ አበባ የሄደ ሰው ብሔራዊ ቴአትርን ይመልከት። ጠላት «ሲኒማ ማርኮኒ» ብሎ የጀመረው ሕንፃ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ የብር ኢዮቤልዩ ተጠናቆ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» ተባለ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስሙ ተለወጠ እንጂ ተዋናዮቹ ከመድረኩ አልወረዱም። ማርኮኒን ዛሬ ማን ያስታውሰዋል?

እኔን ከመፍረሱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ቀለም ተቀብቶ የቱሪስት ፎቶግራፍ ማንሻ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። እኛ በልጅነታችን ፊልም ያየነው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ነው፤ ያም ቢሆን አብረን እንስቅ ነበር። አሁን ሁሉም ስልኩን ይዞ ለብቻው ይስቃል። (መምህራኖቻችንም ጭምር፤ ይቅርታ ይደረግልኝ።)

ስለዚህ አዳራሹ በወር ሁለት ምሽት ለአማርኛ ቴአትርና ፊልም እንዲለይ፣ የዳባትና የደባርቅ ተማሪዎችም ተራ እንዲያገኙ ማኅበራችን ለከተማው አስተዳደር ደብዳቤ ቢጽፍ ምን ይመስላችኋል? እኔ ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። ጓደኛዬ እስካሁን እንደ ተቃወመ ነው፤ ቴአትር ካለ ግን አውቶቡስ ላይ ቦታ ያዙልኝ ብሏል።