የአደጋ ሥጋት አመራርና የነዋሪው የተደራጀ ኃይል

ዝናብ ተፈጥሮአዊ ክስተት ነው፤ አደጋ ግን ማኅበራዊ ነው። ይህን ልዩነት ያልጨበጠ ሰው በየክረምቱ የሚደርሰውን ጉዳት ሁሉ በሰማይ ላይ ማላከኩ አይቀርም። የእንጦጦን ተዳፋት እንመልከት። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ የከተማዋ መሐል ወደ 2,400 ሜትር ግድም ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ ለከተማዋ ማገዶና ማገር ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እንደልብ አያበቅልም፤ ቅጠሉም ለዘመናት እየተጠረገ ለማገዶ ሲወሰድ ኖሯል። ስለዚህ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በተራቆተው አፈር ውስጥ ሳይሰርግ ቁልቁል ወደ ቀበናና ወደ ግንፍሌ ይወርዳል። በወንዙ አፋፍ ጎጆ የቀለሰው ሠርቶ አደር ውሃውን ንቆ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ለመኖር አቅም ስላልነበረው ነው። ከዚህ አኳያ የሥጋት አመራር ጥያቄ የመኖሪያ ቤት ጥያቄም ነው።

በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሀብ ተከትሎ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ሲቋቋም ዋና ተግባሩ ለተራበው መድረስ ነበር። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ግን ከደረሰ አደጋ ጀርባ ከመሮጥ ይልቅ ሥጋቱን አስቀድሞ መቀነስን መሠረቱ አደረገ። አቋሙ ትክክል ነው። ክፍተቱ በወረቀቱና በመንደሩ መካከል ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ይህንኑ በመራራ ሁኔታ አሳይቷል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን በእጃቸውና በአካፋ ለማውጣት በሮጡት ጎረቤቶች ላይ ሁለተኛው ናዳ ወረደባቸው፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ወኔ አልጎደላቸውም። እንዲህ ባለ ሰዓት ዳገቱን እየተመለከተ «ራቁ!» የሚል የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ኩባ በ1963 እ.ኤ.አ. ፍሎራ የተባለው አውሎ ነፋስ ከ1,000 በላይ ዜጎቿን ከገደለባት በኋላ የሲቪል መከላከያዋን እስከ ሠፈር ድረስ ዘረጋች፤ የነፋሱ ወቅት ከመድረሱ በፊትም በየዓመቱ ልምምድ ታደርጋለች።

የእኛ እድር ከዚህ ያነሰ ድርጅት አይደለም። መዝገብ አለው፤ ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ድንኳን አለው፤ ሠፈሩን የሚቀሰቅስ ጥሩምባ ነፊ አለው። የሚያስገርመው ይህ ሁሉ አቅም የሚንቀሳቀሰው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የፈረንሳይ፣ የቀበናና የኮተቤ እድሮች ሰኔ ከመግባቱ በፊት ለጎርፍ የተጋለጡትን ቤቶች ቢመዘግቡ፣ አልጋ የያዘ ሽማግሌና ጨቅላ ያለበትን ቢለዩ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ሌሊት የወንዙን የላይኛውን ክፍል የሚጠብቅ ተረኛ ቢመድቡ፣ ጥሩምባውም ለጎርፍ እንዲነፋ ቢወስኑ፣ የእሳትና አደጋ መኪና በጠባቡ መንገድ እስኪደርስ ድረስ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል።

ይህ ማለት ግን የመንግሥት አካላት ሸክሙን በእድር ላይ ጥለው ይቀመጡ ማለት አይደለም። ገመዱ፣ ባትሪው፣ አካፋውና ሥልጠናው ከወረዳው በጀት መውጣት አለበት። ከወንዝ ዳር የሚነሣው ቤተሰብም ከሥራው ሳይርቅ ተተኪ ቤት ማግኘት አለበት፤ አለዚያ ዞሮ ዞሮ ሌላ ወንዝ ዳር መስፈሩ አይቀርም።