ቁልፉ በማን እጅ ነው?

መጋላ ውስጥ ሱቅ ሲከራዩ ውል ይጻፋል፣ ምስክር ይፈርማል፤ ዱቤ እንኳ ሳይቀር በደብተር ይሰፍራል። የድርጅት ድረ ገጽ ሲሠራ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ ቀርቶ «አንተ ታውቃለህ፣ ሥራልኝ» የሚል የስልክ ቃል ይበቃል። መዘዙን በቅርቡ በዓይኔ አየሁ። የማውቃቸው አንድ ጨርቅ ነጋዴ ድረ ገጻቸውን ከሠራላቸው ወጣት ጋር በቀሪ ክፍያ ተጣሉ፤ በማግስቱ ገጹ ተዘጋ። ወጣቱ «የፈጠርኩት እኔ ነኝ» ይላል፤ ነጋዴው «የከፈልኩት እኔ ነኝ» ይላሉ።

እንግዲህ ሕጉን እንጠይቅ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ አዝዞ ያሠራው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ይለያል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1989 በአንድ ቀራፂ ጉዳይ እንዳሳየው፣ ተቀጣሪ ያልሆነ ባለሙያ መብቱን በቀላሉ አያጣም። ወጣቶቻችን የባዕድ አገር ምክር አንብበው የሚሳሳቱትም ስለዚህ ነው።

ነጋዴው ግን ቶሎ አይደሰቱ። ከኢንተርኔት የተለቀመው ፎቶግራፍ የፎቶግራፍ አንሺው ነው፤ ተገዝቶ የተገጠመው ዝግጁ ዲዛይንም የሠሪው ሆኖ ይቀራል፣ ለገዢው የሚተላለፈው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። የሥራው ደራሲ ተብሎ የመጠራት የሞራል መብትም ከወጣቱ ጋር ይኖራል። የዶሜይን ስሙ ደግሞ ከነጭራሹ የቅጂ መብት ጉዳይ አይደለም፤ በማን ስም ተመዘገበ የሚለው ነው የሚወስነው።

ከሁሉ የሚያስቆጣኝ ግን የሁለቱም ወገን ድፍረት ነው። ያልተከፈለ ሒሳብ ዕዳ ነው፤ ዕዳ በፍርድ ቤት ይጠየቃል። በር የገጠመ አናጢ ክፍያ ስለዘገየበት ሌሊት መጥቶ በሩን ነቅሎ ይሄዳልን? ነጋዴውስ የሰው ላብ በልተው ስለ ሕግ የሚጮሁት በምን አፋቸው ነው? በሕግ ባለቤት መሆን የይለፍ ቃሉ በሌላ ሰው ኪስ ሳለ ገበያ የሚመጣን ደንበኛ አይመልስም።

መፍትሔው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ ዶሜይኑ በድርጅቱ ስም ይመዝገብ፣ የይለፍ ቃሉ ይሰጥ፣ የፎቶግራፎቹ ምንጭ ይገለጽ፣ ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚከፈል ይጻፍ። ለሁለት ሜትር ጨርቅ ዱቤ ደብተር የማናጣ ሰዎች፣ ለድርጅታችን ፊት አንድ ወረቀት እንጣ?