«ጋሼ፣ ዲኤክስ ልግዛ ወይስ ቪትዝ?»



ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው። ዲኤክስ ልግዛ ወይስ ቪትዝ? ለሥራ አይደለም፣ መንዳት ስለምወድ ነው። ሞዲፋይ አድርጌ ትንሽ ላስሮጣት ፈልጌ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅኩ። የራሱ መኪና የሌለውን የፊዚክስ መምህር ስለ መኪና ማማከር! ቀጥሎ ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ነገረኝ። ግማሹን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ ያጠራቀመው ነው፤ ግማሹን እህቱ አረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። ያኔ ሳቄ ቆመ። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ስሙን ሳልጠቅስ፣ አስፈቅጄው፣ መልሴን እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ፣ ምርጫችን ለምን አሮጌና ትንሽ ሻል ያለ አሮጌ ሆነ? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና አይገባም አለ። ስለዚህ የቤንዚን መኪና የሚፈልግ ሰው እዚሁ አገር ውስጥ ያለውን ነው የሚቀባበለው። በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል፤ እኛ ጋ ሲያረጅም ዋጋው አይወርድም። ተሳስቶ የገዛ ሰው የሚሳሳተው በዕድሜ ልክ ጥሪቱ ነው።

አሁን ወደ ዲኤክስ። ልጁ ለምን እንደወደዳት ይገባኛል። የድሮዎቹ ዲኤክሶች ቀላል ናቸው፣ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው፣ ሞተሩ ደግሞ ኮፈኑን ስትከፍተው ሁሉም ነገር ይታያል። ካርቡሬተር፣ ካንዴላ፣ በቃ! የትኛውም ከተማ ያለ መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታታል። ጃፓኖች ከ1983 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የሠሯት ኤኢ86 የምትባል ኮሮላ አለች። ክብደቷ ከአንድ ቶን በታች ነው፣ እሷም በኋላ ጎማ ነው የምትሄደው። ዛሬም ድረስ የዓለም ወጣት የሚያብድላት የዲኤክስ የቅርብ ዘመድ ማለት ናት። ጎረቤታችን ኬንያ በሚካሄደው ሳፋሪ ራሊ ደግሞ ሼካር ሜህታ ከ1979 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. አራት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው በዳትሰን ነው። ኮረኮንች ላይ የሚያሸንፈው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሳይሰበር የሚደርስ መኪና ነው። ስለዚህ «አሮጌ መኪና ለፍጥነት አይሆንም» የሚለውን እኔ አልቀበልም።

ቪትዝስ? ትንሽ ሞተር ናት፣ አብዛኞቹ አንድ ሊትር ገደማ ናቸው። የሚነዳት የፊት ጎማ ነው። ነገር ግን ኢንጀክሽን አላት። ይሄ ለእኛ አገር ከፍታ ትልቅ ነገር ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይዘህ ብትወጣ 70 ቢቀርልህ ነው። ይሄ ለሁለቱም እኩል ነው። ልዩነቱ ኢንጀክሽን አየሩ መሳሳቱን ለክቶ ነዳጁንም ይቀንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን አየሩ ሲሳሳ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም። ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረ ካንዴላ፣ ዳገት ላይ ማቃሰት ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ልዩነት ሕይወት ነው። አዳዲሶቹ ኤርባግ አላቸው፣ ብዙዎቹ ኤቢኤስም አላቸው፣ አካላቸውም ሲጋጭ ተጨማዶ ጉዳቱን እንዲውጥ ነው የተሠራው። ዲኤክስ ውስጥ ያለህ ቀበቶህና የእናትህ ጸሎት ነው። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳችሁን አስታውሱ፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 የምትቆምበትን መንገድ በ80 ስትሄድ ፍሬን ከያዝክበት ጀምሮ አራት እጥፍ ርቀት ያስፈልግሃል።

ይሄን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የምናገረው። ኮሌጅ እንደጨረስኩ ሰሞን አንድ ጓደኛዬ ዲኤክስ ገዛ። ቸርኬ ቀየረ፣ ማርሚታውን ሰፈር የሚቀሰቅስ አደረገው፣ ስፒከር ገጠመ። ፍሬኑን ግን «ይይዛል» ብሎ ተወው። አንድ ቀን ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ማርሽ መቀነስ ትቶ በፍሬን ብቻ እየያዘ ወረደ። መሐል ላይ የተቃጠለ ሸራ ሸተተን። ከዚያ ፔዳሉ ስፖንጅ ሆነ። ከዚያ ወለል ነካ። ከፊታችን እህል የጫነ አይሱዙ ነበር። በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች፣ በእጅ ፍሬን፣ ጎኗን ከገደሉ ግድግዳ ጋር እያፋተጋት ነው ያቆማት። ወርደን ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም።

ምን ሆኖ ነው? የፍሬን ዘይት እያደር ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ከጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። እግርህ የሚረግጠው ባዶ ነገር ነው። ለማርሚታው ካወጣው ገንዘብ በጣም ጥቂቷ የፍሬን ዘይቱን ትቀይር ነበር።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ውጭ አገር አሮጌ ስፖርት መኪና ገዝተው የሚያስሮጡ ወጣቶች የተዘጋ መንገድ አላቸው። ከፍለው ይገባሉ፣ ሄልሜት ያደርጋሉ፣ ከፊት የሚመጣ መኪና የለም፣ አህያ የለም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ የለም። ብትስት አሸዋ ውስጥ ነው የምትገባው። የኋላ ጎማዋ የምትንሸራተት አሮጌ መኪና እዚያ ደስታ ናት። እዚህ፣ ክረምት ላይ በጭጋግ፣ እርጥብ ኮረኮንች ላይ ግን ያው መንሸራተት ገደል ነው።

ደግሞ ይሄ ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ፈረስ ሲገዙ አፉን ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፣ ዕድሜውን ለማወቅ። ግን በጥርስ ብቻ አይጨርሱም። ይጋልቡትና ልጓም ሲሳብ ይቆም እንደሆነ ያያሉ። የማይቆም ፈረስ ምን ቢያምር ለጉግስ አይሆንም። ጉግሱንም ቢሆን ገበያ መሐል አይጫወቱትም፤ ሜዳ ወጥተው፣ ሕዝቡ ዳር ይዞ ነው። ፍጥነት ሜዳ አለው።

ስለዚህ የኔ ልጅ፣ እንደኔ እንደኔ ቪትዟን ግዛ። ሜዳ የሌለው ሰው ሜዳ የምትፈልግ መኪና አይግዛ። «ቪትዝ ምኑ ስፖርት ነው?» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ትንሽ ጉልበት ያላትን መኪና ዳገቱን ማርሽ ሳታሳስት፣ ቁልቁለቱን ፍሬን ሳታግል፣ እናትህን ከኋላ አስቀምጠህ ሳታስደነግጣት ስትነዳ፣ ያኔ ነው ሹፌር የምትሆነው።

የግድ ዲኤክስ ካልክ ግን እንዲህ አድርግ። ካለህ ገንዘብ ሩቡን ሳትነካ አስቀምጥ፤ ለፍሬን፣ ለጎማ፣ ለመሪ ጫፎችና ለአሞርዛተር ነው። ለማርሚታ አይደለም! ደላላው ካመጣው መካኒክ ጋር ሳይሆን ከራስህ መካኒክ ጋር ሂድ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክር። ማግኔት ይዘህ አካሏን ንካው፣ በስቱኮ የተደፈነ ቦታ ማግኔት አይዝም። ቪትዝ ከሆነችም ቁልፉን ስትከፍት የኤርባግ መብራቱ በርቶ መጥፋቱን እይ፤ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አንድ ነገር ደብቋል።

ለወረዳና ለዞን የስፖርት ሰዎችም አንድ ቃል አለኝ። እነዚህ ልጆች ፍጥነት መውደዳቸውን በቅጣት ብቻ አናጠፋውም። በዓመት አንድ ሁለት ቀን ሰፊ ሜዳ ከልሎ፣ ትራፊክና አምቡላንስ አቁሞ «ኑ እዚህ ሞክሩ» ማለት ይቻላል። ለፈረስ እናደርገው የለ እንዴ?

እህቱ አረብ አገር የላበችው ላብ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። መኪና የምታውቁ ወዳጆቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግሞ ለምትነዳ ጓደኛችሁ አድርሱልኝ።

በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ!